ስክሪኑ ላይ እንዲህ አልነበረም፦ ስለ ኅትመት ቶንና ቀለም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለዓመታት የሠራሁት ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ፋይል ተቀብሎ ለፕሌት (ማሽኑ ለሚያትምበት የብረት ሳህን) የሚያዘጋጀው ክፍል። በዚያ በር የሚገባው ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዞ ነው የሚመጣው፦ «ስክሪኑ ላይ እኮ እንዲህ አልነበረም!» እዚህ ያሰባሰብኳቸው ጥያቄዎች ከዚያው ጠረጴዛ የመጡ ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት አንዲት የቃል ነገር። በአማርኛ ጣሳ ውስጥ ያለውም «ቀለም» ነው፣ ዓይን የሚያየውም «ቀለም» ነው። በዚህ የተነሳ ስንት ጭቅጭቅ ሰምቻለሁ። «ቀለም ጨምርልኝ» ሲባል አንዱ ድምቀት ይታየዋል፣ ሌላው ጣሳ። ስለዚህ እዚህ ማሽን ውስጥ የሚገባውን «ኢንክ»፣ ዓይን የሚያየውን «ቀለም» እላለሁ።

ስክሪን ላይ ያማረው ፎቶ ታትሞ ሲመጣ ለምን ደበዘዘ?

ስክሪን ብርሃን ያመነጫል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደመረ ነው ቀለም የሚሠራው፤ አርጂቢ የምንለው ይህ ነው። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ብርሃን ተቀብሎ ይመልሳል፣ ኢንኩ ደግሞ ከዚያ ላይ ይቀንሳል። ሲያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ) ቀዩን ይውጣል፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ) አረንጓዴውን፣ ቢጫ ሰማያዊውን። ጥቁር ሲጨመርበት ሲኤምዋይኬ ይባላል።

ስለዚህ ስክሪን ሊያሳያቸው የሚችላቸው፣ አራቱ ኢንኮች ግን ፈጽሞ የማይደርሱባቸው ቀለሞች አሉ። የሚያበራ አረንጓዴ፣ የሚንቦገቦግ ሰማያዊ፣ ደማቅ ብርቱካናማ። እነዚህ ቢደበዝዙ ማንም አላጠፋም። የቀረው ድብዘዛ ግን ብዙውን ጊዜ የዝግጅት ስህተት ነው፣ ይስተካከላልም። ሁለቱን መለየት ነው ሥራው።

ቶን ምንድን ነው? ከቀለም በምን ይለያል?

ከፎቶው ላይ ቀለሙን ሁሉ አንሱት። የቀረው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቶኑ ነው። የቱ ቦታ ነጣ ይላል፣ የቱ ይጠቁራል፣ ከነጩ እስከ ጥቁሩ ያለው መንገድ እንዴት ይወርዳል።

በእኔ ልምድ «ቀለሙ ተበላሸ» ከሚባለው ውስጥ ትልቁ ክፍል የቶን ችግር ነው። ፊቱ ቀላ የሚባለው ፎቶ ብዙ ጊዜ መካከለኛው ቶን ስለጠቆረ ነው። «ሕይወት የለውም» የሚባለው ነጩ ነጭ ስላልሆነ፣ ጥቁሩም ጥቁር ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሌ አይቀየርም፤ መጀመሪያ ቶን፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ መጨረሻ ላይ ቀለም። ማጀንታ እየቀነሱ ሲያን እየጨመሩ ግማሽ ቀን ያጠፉ ሰዎች አይቻለሁ። አንዲት ከርቭ (ቶን የሚስተካከልባት መስመር) መካከሉ ላይ ትንሽ ከፍ ብትል የሚያልቅ ነገር ነበር።

መሞከሪያው ቀላል ነው። የፎቶውን ቅጂ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። እዚያም ላይ የሞተ ከመሰለ ቀለም ቢደፉበት አይነሳም።

ሁሉም ነገር ጠቆር ብሎ ወጣብኝ። ለምን?

ዋናው ተጠርጣሪ ዶት ጌይን ነው፤ የነጥብ ማበጥ ልንለው እንችላለን።

ማጉያ መነጽር ይዛችሁ አንድ የታተመ ግራጫ ቦታ ላይ አጎንብሱ። ግራጫ የለም! ጥቁር ነጥቦችና ነጭ ወረቀት ብቻ ነው ያለው። ኦፍሴት ማሽን (ኢንኩን ከፕሌት በላስቲክ በኩል ወደ ወረቀት የሚያሻግረው) ቀጠን ያለ ጥቁር ማተም አይችልም። ወይ ያትማል፣ ወይ አያትምም። ግራጫውን የሚሠራው ነጥቡን እያተለቀና እያሳነሰ ዓይናችንን በማታለል ነው።

ችግሩ ነጥቡ እንደተወለደ አይቀርም። ከፕሌት ወደ ላስቲኩ፣ ከላስቲኩ ወደ ወረቀቱ ሲሸጋገር ይጨፈለቃል፣ ወረቀቱም ይመጠዋል። በዚያ ላይ ብርሃን ከነጥቡ ጠርዝ ሥር ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ይቀርና ነጥቡ ከትክክለኛ መጠኑ የገዘፈ ይመስላል። ውጤቱ? ፋይሉ ላይ 50% የነበረው፣ ማለትም የቦታውን ግማሽ የሚሸፍነው ነጥብ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ሲለካ ከ63 እስከ 66% አካባቢ ይሆናል። ለጋዜጣ ኅትመት የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 12647-3፣ ደግሞ 26% ጭማሪ ይጠብቃል። 50 የነበረው 76 ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

ለምን መካከለኛው ቶን ላይ ይብሳል? ነጥቡ የሚያብጠው በጠርዙ በኩል ስለሆነ ነው። 50% ላይ ነጥቦቹ እንደ ዳማ ሰሌዳ ይሆናሉ፣ የጠርዛቸው ድምር ርዝመትም እዚያ ላይ ይበዛል። 2% ላይ ያለች ሚጢጢ ነጥብ ብዙ የምታብጥበት ጠርዝ የላትም። 98% ላይ ደግሞ የሚሞላው ቦታ አልቋል። ስለዚህ «ጠቆረ» ብላችሁ ፎቶውን በሙሉ በብራይትነስ አታንጡት። ማንጣት ያለባችሁ መካከለኛውን ቶን ነው።

አሁን ጥንቃቄ። ይህ ማበጥ በትክክለኛ ፕሮፋይል (የማሽኑን፣ የኢንኩንና የወረቀቱን ባሕርይ በያዘ ፋይል) ወደ ሲኤምዋይኬ ስትቀይሩ ቀድሞውኑ ይታሰባል። ማተሚያ ቤቱም ፕሌት ሲያወጣ የራሱ ማካካሻ ከርቭ አለው። አንድ ጊዜ እኔ «ይጠቁራል» ብዬ ፎቶዎቹን ሁሉ በእጄ አነጣሁ። ፕሮፋይሉም አንጥቶት ነበር። የመጽሔቱ ፊቶች በሙሉ ዱቄት የተነፋባቸው መስለው ወጡ። በነጋታው አለቃዬ አንድ የታተመ ቅጠል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ሄደ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ነው የምነካው።

ነጩንና ጥቁሩን ጫፍ የት ላይ ላቁም?

በጣም ትናንሽ ነጥቦች በሕይወት ወረቀቱ ላይ አይደርሱም። ስለዚህ ዝርዝር ያለበት ነጣ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ ነጭ ሸሚዝ ላይ ያለ እጥፋት፣ ከ3% አካባቢ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ከወረደ ነጥቡ በድንገት ይጠፋና ባዶ ወረቀት ይታያል። ይህ ጉንጭ ላይ ሲሆን በጣም ያስጠላል፤ ካርታ ላይ እንደተሳለ ሐይቅ ጠርዝ ያለው ነጭ ቦታ ይሆናል።

ብረት ላይ የሚያብለጨልጭ ብርሃን ግን 0% ይሁን። እሱ ዝርዝር የለውም፣ ባዶ ወረቀት መሆኑ ያምርበታል።

ጥላው በኩል ከ95% በላይ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ጥቁር ሆኖ እንደሚዘጋ አስቡ። እዚያ ውስጥ የሚታይ የፀጉር ዘለላ ወይም የጨርቅ ክር ካለ ቀደም ብላችሁ አውጡት።

«የኢንክ ድምሩ በዛ» ተብዬ ፋይሌ ተመለሰ። ምን ማለት ነው?

አራቱም ኢንኮች አንድ ነጥብ ላይ ሙሉ ቢሆኑ 400% ይሆናል። ይህን የሚሸከም ወረቀት የለም። ለሚያብረቀርቅ ወረቀት የተሠሩ ፕሮፋይሎች ከ300 እስከ 330% ላይ ያቆማሉ። ለጋዜጣ 240% አካባቢ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ኢንኩ አይደርቅም፣ ከላዩ የተቀመጠው ቅጠል ጀርባ ላይ ይታተማል፣ ጥላውም ጭቃ ይሆናል።

መፍትሔው ጥቁሩን በእጅ መቀነስ አይደለም። ፋይሉን ለዚያ ወረቀት በተሠራ ፕሮፋይል እንደገና መቀየር ነው። ፕሮፋይሉ ከሲያን፣ ከማጀንታና ከቢጫ የጋራ ግራጫውን ያወጣና በጥቁር ይተካዋል። ይህ መተካት ጂሲአር ይባላል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ግራጫው ለምን ሮዝ ወይም አረንጓዴ ሆነ?

የምወደው ጥያቄ ነው። የቀለም ትክክለኛነት የሚለካው በግራጫ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሲያን፣ ማጀንታና ቢጫ እኩል ቢደባለቁ ግራጫ መውጣት ነበረበት። አይወጣም። ወደ ቡናማ ያደላ ነገር ነው የሚወጣው። ምክንያቱ ሲያን ኢንክ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። ቀዩን ብቻ መዋጥ ሲገባው ከአረንጓዴውና ከሰማያዊውም ይቀማል፣ ቀዩን ግን በደንብ አይጨርሰውም። ስለዚህ ሲያኑ ከሌሎቹ መብለጥ አለበት። ጂ7 የሚባለው የማስተካከያ ዘዴ የሚነሳው ከዚህ ነው፦ ሲያን 50፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40። ይህ ድብልቅ ከ50% ጥቁር ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ተመሳሳይ ግራጫ መሆን አለበት።

የማሽን ባለሙያ ሲሠራ አጠገቡ ቆማችሁ እዩት። አዲስ የወጣውን ቅጠል ያነሳና ጠርዙ ላይ ወዳለችው የቀለም ባር ነው የሚሄደው። እዚያ ሁለት ትናንሽ ግራጫ ካሬዎች ተያይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዷ የሦስቱ ኢንኮች ድብልቅ፣ ሌላዋ የጥቁር ብቻ። ድንበራቸው ከጠፋ ማሽኑ ደህና ነው። ድብልቋ ሮዝ ከመሰለች ማጀንታ በዝቷል ወይም ሲያን አንሷል። መሣሪያ እንኳ ሳያነሳ ያውቀዋል። ሁለት ሦስት በመቶ ለውጥ ይበቃል።

ዓይናችን ለቀይ መኪና ይቅርታ ያደርጋል። ትንሽ ብርቱካናማ ቢሆን መኪናው እንዲያ ነው ይላል። ለግራጫ ግን ምሕረት የለውም። ግራጫ ሱፍ ለብሶ ፎቶ የተነሳ ሰው ሱፉ አረንጓዴ ሆኖ ከመጣ ሁሉም ያየዋል።

ምን ማድረግ ይቻላል? ሰንጠረዥ፣ መስመር፣ ግራጫ የጀርባ ሳጥን ከሆነ በጥቁር ብቻ ሥሩት። ማሽኑ የፈለገውን ቢሆን ጥቁር ነጥብ ሮዝ አይሆንም። ግራጫ የሚበዛበት ፎቶ ከሆነ ጠንካራ ጂሲአር ያለው ቅየራ ተጠቀሙ። ግራጫውን የሚሸከመው ጥቁሩ ስለሚሆን ሌሎቹ ቢዋዥቁም ብዙ አይታወቅም። ፎቶ ውስጥ ደግሞ በተፈጥሮው ግራጫ መሆን ያለበትን ነገር ፈልጉ፤ አስፋልት፣ ሲሚንቶ፣ የነጭ ጨርቅ ጥላ። እሱን ግራጫ ስታደርጉት የቀረው ቀለም ብዙ ጊዜ ተከትሎ ይገባል።

ቁጥሩን ልመን ወይስ ዓይኔን?

ቶንን ለመፍረድ ዓይን ጥሩ ነው። ቀለምን ለመፍረድ ግን ያታልላል። ቀይ ግድግዳ አጠገብ ለአምስት ደቂቃ ከተቀመጠ ቀዩን መቁጠር ያቆማል። ፎቶሾፕ ውስጥ ያለው የኢንፎ ሳጥን ግን አይደክመውም። ጠቋሚውን ፎቶው ላይ እያንከራተታችሁ ቁጥሩን አንብቡ።

የሰው ቆዳስ? ሁሌም እዚያ ላይ ነው የምሳሳተው።

ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ቢጫው ከማጀንታው በትንሹ ይበልጣል፣ ሲያኑ ደግሞ የማጀንታው አንድ አምስተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ማጀንታው ከበለጠ ሰውየው ፀሐይ ያቃጠለው ይመስላል። ሲያኑ ካነሰም ቀይ ይሆናል፣ ከበዛ የታመመ ይመስላል።

ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ግን በየመማሪያው የተጻፈው ቀመር ብዙ አይረዳም። ሲያኑ ከፍ ይላል፣ ጥቁሩም ይገባበታል። እዚህ ትልቁ አደጋ የቀለም ሳይሆን የቶን ነው። የፊቱ ቅርጽ የሚታይበት ቶን፣ የጉንጩ ኩርባ፣ የአገጩ መስመር፣ ከመካከለኛው ቶን እስከ ጥላው ባለው ቦታ ላይ ይወድቃል። ነጥቡ የሚያብጠውም፣ ቀጥሎ የሚዘጋውም እዚያው ነው። ስለዚህ ስክሪን ላይ ያማረ ፊት ሲታተም ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ሁሌም ያናድደኛል። ጥፋቱ የዝግጅት ነውና።

የተለመደው ስህተት ደግሞ ፎቶውን በሙሉ ማንጣት ነው። ያኔ ቆዳው አመዳም ይሆናል። ማድረግ ያለባችሁ ከርቩን 75% አካባቢ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ መክፈት ነው። ግንባርና ጉንጭ ላይ ያለውን የብርሃን ነጸብራቅ አትንኩት። ቅርጹን የሚይዘው እሱ ነው። ጥቁሩን ከሲያኑ ቀድማችሁ ቀንሱ። ቆዳውን ጭቃ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ነው።

ሰማያዊው ሐምራዊ ሆነብኝ።

ሲያን 100፣ ማጀንታ 100 አድርጋችሁ ይሆናል። ስክሪን ላይ ሰማያዊ ቢመስልም ሲታተም ሐምራዊ ነው። ማጀንታውን ወደ 70 ወይም ከዚያ በታች ዝቅ አድርጉት።

ጥቁሩ ለምን የታጠበ ጥቁር መሰለ?

ሰፊ ቦታ ላይ የታተመ 100% ጥቁር ብቻውን ደካማ ነው። ከሥሩ ድጋፍ ይፈልጋል። ሲያን 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 የተለመደ ድብልቅ ነው፤ ድምሩ 240 ስለሆነ አያስቸግርም። ጽሑፍ ላይ ግን በፍጹም! ትንሽ ፊደል ከአራት ኢንክ ከተሠራ ፕሌቶቹ በፀጉር ያህል ሲዛነፉ ዙሪያው ቀለም ይለብሳል። ጽሑፍ ጥቁር ብቻ፣ ኦቨርፕሪንት (ከሥሩ ባለው ቀለም ላይ የሚታተም) ይሁን።

ሞኒተር ካሊብሬት ማድረግ (ቀለሙን ለክቶ ማስተካከል) ግድ ነው?

ቀለም ላይ የምትወስኑ ከሆነ አዎ። በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ መሣሪያ። ግን ከሁሉ በፊት ብራይትነሱን ቀንሱት። ከፋብሪካ የሚወጣ ስክሪን ወረቀት ፈጽሞ ሊመስል በማይችል ደረጃ ያበራል። ለኅትመት ሥራ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በቂ ነው። «ሁሌ ይጠቁርብኛል» ከሚሉት ብዙዎቹ ስክሪናቸው ስለሚያበራ ፎቶውን ራሳቸው አጥቁረውት ነው የሚልኩት።

ሶፍት ፕሩፍ የሚባለውን፣ ኅትመቱን ስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሳየውንም፣ ተጠቀሙ። የወረቀቱን ነጭ አስመስሎ እንዲያሳያችሁ ስታዙት ፎቶው በድንገት ይሞታል፣ ልብም ይሰብራል። አንድ ዘዴ አለኝ፤ ስትጫኑት ዓይናችሁን ዘወር አድርጉ፣ በዙሪያው ያሉትን ነጭ መስኮቶች ሸፍኑ፣ ከዚያ ተመልከቱ። ዓይን ይለምደዋል። ታትሞ የሚመጣው ያ ነው።

የትኛውን ፕሮፋይል ልምረጥ?

ማተሚያ ቤቱ የሚላችሁን። ሌላ ትክክለኛ መልስ የለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሲያን 50 ማለት ቀለም አይደለም፣ ለማሽን የተሰጠ ትእዛዝ ነው። የትኛው ማሽን፣ በየትኛው ኢንክ፣ በየትኛው ወረቀት እንደሆነ ካልታወቀ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። ይህን የሚነግረን ፕሮፋይሉ ነው። የፕሮፋይሎችን የጋራ ቅርጸት የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት፣ አይሲሲ፣ የተቋቋመው በ1993 ነው። ፎግራ39 የሚባለው ለሚያብረቀርቅ ወረቀት የሚሠሩ ፕሮፋይሎች የተመሠረቱበት፣ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የቆየ ልኬት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ፎግራ51 ደግሞ ዛሬ ወረቀት ውስጥ የሚጨመረውን የማንጫ ኬሚካል ግምት ውስጥ አስገብቶ የተለካ ነው። የሁለቱ ወረቀት ነጭ የተለያየ ስለሆነ አንዱን በሌላው መተካት ደግ አይደለም።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚደናገርበት ነገር አለ፤ «አሳይን» እና «ኮንቨርት»። አሳይን ስታደርጉ ቁጥሮቹ እንዳሉ ሆነው ትርጉማቸው ይቀየራል። ኮንቨርት ስታደርጉ ትርጉሙ እንዲጠበቅ ቁጥሮቹ ይቀየራሉ። ለኅትመት ስትቀይሩ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ከአርጂቢ ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ተመልሶ ወደ አርጂቢ፣ እንደገና ወደ ሲኤምዋይኬ የተመላለሰ ፎቶ በየጉዞው የሆነ ነገር ጥሎ ይመጣል። ዋናውን የአርጂቢ ፋይል ምንጊዜም አስቀምጡ።

ወረቀቱ ቢቀየርስ? ያው ፋይል ይሠራል?

አይሠራም። የማያብረቀርቅ ተራ ወረቀት ኢንኩን ይመጠዋል። ነጥቡ የበለጠ ያብጣል፣ ጥቁሩ ይደክማል። በዚያ ላይ ሲደርቅ ይለወጣል። ከማሽን እንደወጣ ደማቅ የነበረው በማግስቱ ፈዝዞ ይገኛል። ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ እርጥቡን ትንሽ አድምቀው ያትማሉ።

የወረቀቱ ነጭም ራሱን የቻለ ቀለም ነው። ክሬም ወረቀት ላይ የታተመ ነጭ ሸሚዝ ክሬም ሸሚዝ ነው። ይህን ማንም ማሽን አያድነውም።

የድርጅታችን ሎጎ በየኅትመቱ ቀለሙ ይለያያል። ምን ይሻላል?

ከአራቱ ኢንኮች ድብልቅ ይልቅ ተቀምሞ በተዘጋጀ ልዩ ኢንክ አሳትሙት። ፓንቶን በ1963 ያወጣው የመለያ ሥርዓት ለዚህ ነው፤ ቁጥር ትሰጣላችሁ፣ ቀማሚው በቀመሩ መሠረት ያዘጋጃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንድ ቁጥር በሚያብረቀርቅና በማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ሁለት የተለያየ መልክ አለው፣ የቀለም ናሙና መጽሐፉም ሁለት ነው። አንዱን አይታችሁ በሌላው ወረቀት ካሳተማችሁ ጸብ ነው።

አምስተኛ ኢንክ ለመጨመር በጀቱ ከሌለ ሎጎው በሲኤምዋይኬ ምን እንደሚመስል አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ሁሌ ያንኑ ላኩ።

ዴልታ ኢ የሚባለው ምንድን ነው?

በሁለት ቀለሞች መካከል ያለ ርቀት በቁጥር። 1 አካባቢ ሲሆን የለመደ ዓይን እንኳ ይቸገራል። 5 ሲደርስ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ያየዋል። ለኦፍሴት የወጣው አይኤስኦ 12647-2 ሙሉ ለሙሉ የታተሙ የአራቱ ኢንኮች ካሬዎች ላይ እስከ 5 ይፈቅዳል። ስሌቱ ግን ከአንድ በላይ ቀመር አለው፣ የ1976 እና የ2000 ቀመሮች ለአንድ ዓይነት ልዩነት የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ስለዚህ ውል ላይ «ከ3 አይበልጥም» ብቻ አትጻፉ፣ በየትኛው ቀመር እንደሆነም ጻፉ።

ቢሮ ውስጥ የተስማማሁበት ቀለም ውጭ ስወስደው ተቀየረ!

ተቀይሮ አይደለም፣ መብራቱ ነው የተቀየረው። ሁለት ቀለሞች በአንድ መብራት ተመሳስለው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። ስሙ ሜታሜሪዝም ነው። ለዚህ ነው አይኤስኦ 3664 መብራቱን ራሱን የወሰነው፦ ዲ50 የሚባል፣ ወደ 5000 ኬልቪን የሆነ ብርሃን። ለጥብቅ ንጽጽር 2000 ሉክስ ያህል ይፈለጋል። መስኮት አጠገብ ማየት ይሻላል የሚሉ አሉ። የጠዋትና የከሰዓት ሰማይ አንድ ስላልሆነ እኔ አልስማማም። ደማቅ ቀይ ሹራብ ለብሳችሁም ፕሩፍ (የኅትመት ናሙና) ላይ አታጎንብሱ፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ያርፋል።

ማሽን አጠገብ ቆሜ እንዳይ ተጠራሁ። ምን ልበል?

የምታዩትን ተናገሩ እንጂ መድኃኒቱን አታዙ። «ፊቷ ቀልቶብኛል» በሉ። «ማጀንታ ቀንስ» አትበሉ። ምናልባት ማጀንታው ልክ ሆኖ ሲያኑ ነው የጎደለው፤ ባለሙያው በመለኪያው ያገኘዋል።

ስታዩም ከፎቶው አትጀምሩ። መጀመሪያ አራቱ ኢንኮች ተገጣጥመው መቀመጣቸውን በማጉያ እዩ። ተዛንፈው ከሆነ ቀለምም ጥራትም መፍረድ አይቻልም። ቀጥሎ ባሩ ላይ ያሉት ሙሉ ካሬዎች፣ ከዚያ ግራጫው። ፎቶው መጨረሻ ነው።

ኢንኩን የሚቆጣጠሩት ማሽኑ ላይ ያሉት ቁልፎች ናቸው፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ቅጠሉን በቁመቱ አንድ ሰቅ ይመግባል። ስለዚህ በአንድ ሰቅ ላይ የተደረደሩ ፎቶዎች ዕጣቸው አንድ ነው። ላይኛው ፊት እንዲፈዝ ስታደርጉ ታችኛው ሰማይ አብሮ ይፈዛል። የቱ ይበልጥ እንደሚያስፈልጋችሁ ቀድማችሁ ወስኑ። የተስማማችሁበትን ቅጠል ፈርሙበት፣ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ።

ላሚኔሽን ቀለሙን ይለውጣል?

ይለውጣል። የሚያብረቀርቀው ጥላውን ያጠልቃል፣ ቀለሙን ያደምቃል። የማያብረቀርቀው ጥቁሩን ያቀልላል፣ ልስልስ ያደርገዋል። ሽፋን ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል፣ ናሙናውን ከነላሚኔሽኑ ጠይቁ።

ተበላሽቶ ቢመጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

ባሩ ይናገራል። ጠርዙ ላይ ያሉት ካሬዎች ከፋይላችሁ ጋር ግንኙነት የላቸውም፣ ማሽኑ እንዴት እንደሠራ ብቻ ነው የሚያሳዩት። ተለክተው ከተፈቀደው ውስጥ ከሆኑ ማሽኑ የታዘዘውን አትሟል፤ ችግሩ ፋይሉ ውስጥ ነው። ካሬዎቹ ራሳቸው ከሳቱ ማሽኑ ነው። ጭቅጭቁ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ባሩ ካለ። ብዙውን ጊዜ ግን የለም። መጽሔቱ ሲቆረጥ አብሮ ተቆርጦ ይጣላል። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ከመሀል የተወሰዱ አምስት ስድስት ቅጠሎች ሳይቆረጡ እንዲቀመጡላችሁ ጠይቁ።